የመቅደላው ሕፃን፤ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የልጅነት ታሪክ



የዓመቱ የሒሳብ ሪፖርትና በሞት የተለዩን ወንድሞችና እኅቶች ስም ከወጣ በኋላ፣ በዚህ መጽሔታችን አንድ ሁለት ጽሑፍ ለንባብ ማቅረብ ልማዳችን መሆኑ ይታወቃል። ዘንድሮ እኛ የመረጥነው የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ ነው። ስማቸውን ያልሰማ ብዙ አይገኝም፤ በዘመናዊ ሕክምና ሠልጥኖ ሐኪም የሆነ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እየተባሉ የሚነሡት እሳቸው ናቸው። በኋላም ትምህርት ቤት መርተዋል፣ አገር ገዝተዋል፣ በሎንዶን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ሠርተዋል። ሆኖም እኛ ብዙ ለማተት የፈለግነው ስለ ሹመታቸው አይደለም። ሹመትማ በየመጽሐፉ ተጽፏል። ልናነሣ የፈለግነው ኮሌጅ ከመግባታቸው በፊት ያሳለፉትን አሥር ዓመት ያህል ጊዜ ነው።

ምክንያታችን እንዲህ ነው። በሰፈራችን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በመጣ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ውጤት ይሆናል፤ ማን ስንት አመጣ፣ ማን የት ተመደበ ነው። ልጁ ለፈተና ከመቀመጡ በፊት በምን በምን አልፎ እንደመጣ፣ ማን እንደደገፈውና ምን እንደጎደለው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛ ዕድርተኞች ደግሞ ይህን መጠየቅ ከማንም ይበልጥ ይገባናል፤ ልጅ አባቱን ወይም እናቱን ባጣበት ቀን እደጁ ድንኳን የምንተክለው እኛው ነን እኮ!

ወደ ታሪኩ እንግባ።

ወርቅነህ የተወለዱት በ1857 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር ነው። ገና ሕፃን ሳሉ ቤተሰቡ ዐፄ ቴዎድሮስን ተከትሎ ከሄደው ሕዝብ ጋር መቅደላ አምባ ገባ። በዚያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ የእንግሊዝን ቆንሲልና ሌሎች አውሮፓውያንን አስረው ስለነበር፣ እንግሊዞች እስረኞቹን ለማስፈታት ጦር ላኩ። ጦሩ የተነሣው ከሕንድ አገር ነው። አዛዡ ጄኔራል ናፒየር ሲሆን ወታደሩ 13 ሺህ ያህል ነበር፤ ከዚህም ውስጥ ብዙዎቹ ሕንዶች ነበሩ። ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወርዶ፣ ተራራውን አቋርጦ መቅደላ ደረሰ። በ1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት እሮጌ ላይ ውጊያ ተደረገ። በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ አምባው ተያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ለጠላት እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ሠዉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያዳግትም። አምባው ላይ የነበረው ሕዝብ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ነበር። ሴቱ፣ ሽማግሌው፣ ቁስለኛው፣ ልጅ ያዘለው ሁሉ ያችኑ ጠባብ መውረጃ ይዞ ተንጋጋ። አምባውም በእሳት ጋየ። በዚህ ትርምስ መካከል አንድ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ሕፃን ከወላጆቹ ተለይቶ ብቻውን ተገኘ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን አየውና አነሣው። ጦሩ ወደ ባሕር ሲመለስ ሕፃኑም አብሮ ሄደ፤ በመርከብም ተጭኖ ሕንድ አገር ገባ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ሕፃኑን ያነሣው እጅና አምባውን ያፈረሰው እጅ የአንድ ሠራዊት እጅ ነው። መኮንኑ አዝኖለት እንዳነሣው አንክድም፤ ባያነሣው ኖሮ ልጁ ምን ይደርስበት እንደነበር ማን ያውቃል? ነገር ግን ልጁ ዘመድ አልባ አልነበረም። ወገኖቹ በሕይወት ነበሩ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደታየው ልጁን ያልረሳ ዘመድ ነበረው። በዚያች በክፉ ቀን ጠይቆ ዘመድ የሚፈልግለት ሰው አልተገኘም፤ ታሪኩ ሁሉ የተለወጠው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን በልባችን ይዘን እንቀጥል፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ሕንድ አገር እንደገባ ልጁ መጀመሪያ ያጣው ቋንቋውን ነው። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ አፉን በፈታበት ቋንቋ የሚያናግረው ካጣ ጥቂት ወራት ይበቁታል፤ ይረሳዋል። ቀጥሎ ስሙ ጠፋ። ወርቅነህ ብሎ የሚጠራው ሰው በዚያ አገር አልነበረምና የገዛ ስሙን ሳያውቅ አደገ። ቆዳው ከአሳዳጊዎቹ አይመሳሰልም፤ አገሩም የአሳዳጊዎቹ አገር አይደለም፤ እነሱም ራሳቸው ሕንድ አገር እንግዶች ነበሩ። የሰፈሩ ልጆች ከየት ነህ ቢሉት ከመቅደላ ከማለት በቀር የሚመልሰው ምን ነበረው? እሱንም ቢሆን ሰዎች ነግረውት እንጂ አስታውሶ አይመስለንም።

ይህም አልበቃ ብሎ፣ ልጁ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ኮሎኔል ቻምበርሌን ሞተ። እስቲ አስቡት። ሕፃኑ እናት አባቱን በአራት ዓመት ሳይሞላው አጣ፤ በሰባት ዓመቱ ደግሞ እንደ አባት የያዘውን ሰው ቀበረ። በእኛ አገር ቢሆን ኖሮ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ይህ ልጅ ማን ዘንድ ይደር ተብሎ ይመከር ነበር። እዚያ ግን መንገድ ላይ ከመውደቅ ያዳነው ሌላ እንግሊዛዊ መኮንን ነው፤ ኮሎኔል ማርቲን ይባላል። ማርቲን የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ያውም ለአንድ ዓመት ለሁለት ዓመት ብቻ አይደለም፤ ልጁ የሕክምና ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስ ነው። ልጁ የተጠራበት ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስምም የመጣው ከነዚሁ አሳዳጊዎቹ ነው።

ትምህርቱን የጀመረው በሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ነው፤ በራዋልፒንዲና በአምሪትሳር ከተሞች ተማረ። ሁለቱም በሰሜን በኩል በፑንጃብ አገር የሚገኙ ናቸው፤ ዛሬ ራዋልፒንዲ በፓኪስታን፣ አምሪትሳር በሕንድ ውስጥ ይገኛሉ። ከዚያም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1877 ላሖር የሚገኘው የሕክምና ኮሌጅ ገባ። ያን ጊዜ ዕድሜው 13 ዓመት ቢሆን ነው! በዛሬው አቆጠር የሰባተኛ ክፍል ልጅ መሆኑ ነው። በ1882 ትምህርቱን ጨርሶ ሐኪም ሆኖ ወጣ።

እንግዲህ ይህ ልጅ ኮሌጅ በገባበት ቀን ምን ይዞ ገባ? ገንዘብ የለውም፤ ወጪውን የሚችለው ሌላ ሰው ነው። ርስት የለውም። የአባቱን ስም አያውቅም። የያዘው ሦስት ነገር ይመስለናል። አንደኛው፣ ሰው በማያውቀው ሰው እጅ ሊነሣ እንደሚችል በራሱ ላይ አይቷል። ሁለተኛው፣ አሳዳጊ ዛሬ ኖሮ ነገ ሊሞት ስለሚችል የእጅ ሙያ መያዝ እንደሚያስፈልግ ከልጅነቱ ተምሯል። ሦስተኛው ደግሞ መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነው፤ እኔ የማን ልጅ ነኝ የሚለው። ሁለቱ ሐኪም አደረጉት። ሦስተኛው ግን ዕረፍት ነሥቶት ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አገሩ ጎትቶ አመጣው።

ከዚህ ቀጥሎ እንደ ወጋችን አንቱ እያልን እንጽፋለን፤ ሕፃኑ አሁን ሐኪም ሆነዋልና።

ወደ ኋለኛው ታሪካቸው ከመሻገራችን በፊት ግን ከዚያው ከመቅደላ ስለወጣ ስለ ሌላ ልጅ ጥቂት እንበል፤ ስለ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ማለታችን ነው። አምባው ሲወድቅ ልዑሉ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲሄዱ መንገድ ላይ ታመው ዐረፉ። ልጁን ሻምበል ስፒዲ የሚባል አማርኛ የሚያውቅ መኮንን ወደ እንግሊዝ አገር ወሰደው፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ወደዱት። ስፒዲ በሕንድ አገር ሥራ በያዘ ጊዜ ልጁን ይዞት ሄዷል። ስለዚህ ሁለቱ የመቅደላ ልጆች ሳይተዋወቁ በአንድ ዘመን ሕንድ አገር ኖረዋል ማለት ነው። በኋላ ግን ልዑሉ ከወደደው ከስፒዲ ተለይቶ እንግሊዝ አገር ትምህርት ቤት እንዲገባ መንግሥት ወሰነ። ቼልትናምና ረግቢ ተማረ፤ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤትም ገባ። በኅዳር 1872 ዓ.ም. ሊድስ ከተማ ሳለ በሳንባ ሕመም ታሞ በ18 ዓመቱ ሞተ። ቀብሩ ዊንድሰር በሚገኘው የነገሥታቱ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዐፅሙ ለአገሩ አፈር እንዲበቃ በየጊዜው ተጠይቋል፤ በ2015 ዓ.ም. የቀረበውንም ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አልተቀበለውም።

ይህን የምናነሣው ሁለቱን ልጆች ለማበላለጥ አይደለም። ልዑሉን የገደለው በሽታ ነው፤ ሌላ ምክንያት ብንለጥፍበት ልክ አይሆንም። ነገር ግን ከሁለቱ ለልዑሉ ያልተደረገለት ምን ነበር ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ገንዘብ አልጎደለበትም፤ መንግሥት ያሳድገው ነበር። ትልልቅ ትምህርት ቤቶች ገብቷል። ስሙንም የአባቱንም ማንነት ዓለም ሁሉ ያውቅ ነበር። የጎደለው፣ እናቱ ከሞተች በኋላ የለመደው ሰው ሳይለወጥበት አብሮት መቆየት ነው። ወርቅነህ ስምና ዘር ጠፍቶበት የትምህርቱን ወጪ እስከ መጨረሻው የቻለለት ሰው አገኘ፤ ዓለማየሁ ስምና ዘር ይዞ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ልጅን የሚያቆመው አንድ ነገር ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ወደ ሐኪም ወርቅነህ እንመለስ። ከላሖር ከወጡ በኋላ ጥቂት ጊዜ ሠርተው ወደ ስኮትላንድ ተሻገሩ፤ እዚያም ሙያቸውን አሻሽለው የሐኪምነትና የቀዶ ሕክምና ፈቃድ አገኙ። ከዚያም በርማ ውስጥ በእንግሊዝ መንግሥት የሐኪምነት ሥራ ያዙ። ደመወዙ መልካም ነው፤ ኑሮው የተመቻቸ ነው። እዚያው ቢያረጁ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር።

ታዲያ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የሆነው ሆነ። ኢትዮጵያ ኢጣሊያን አሸነፈች የሚለው ወሬ ዓለምን አዳርሶ በርማ ድረስ ገባ። ዶክተር ማርቲን የሚባሉት ሰው ይህን ሲሰሙ የተወለዱበት አገር መሆኑን ያውቃሉና ልባቸው ተነሣ። ፈቃድ ጠይቀው ጉዞ ጀመሩ። መንገዱ ቀላል አልሆነም፤ ግን በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ ከመቅደላ ከወጡ ከ30 ዓመት ያህል በኋላ፣ ኢትዮጵያ ምድር ገቡ። ዕድሜያቸው ወደ 35 ተጠግቷል፤ አማርኛ አያውቁም። በገዛ አገራቸው በአስተርጓሚ የሚናገሩ እንግዳ ሆኑ።

አዲስ አበባ ደርሰው ዳግማዊ ምኒልክ ፊት ቀረቡ። ከዚያም ድንኳን ተክለው ሕዝቡን በነጻ ማከም ያዙ። እኛ ዕድርተኞች ድንኳን ስንል የሚታየን ልቅሶ ነው፤ እሳቸው ግን ድንኳን የተከሉት ሰው ለማዳን ነው። በሽተኛው ጎረፈ። ከመቅደላ የተወሰደ አበሻ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ተላለፈና አንዲት አሮጊት ሴት ጆሮ ገባ። አሮጊቷ በመቅደላ ጥፋት ጊዜ የልጅ ልጅ ጠፍቶባቸው ነበር። ምናልባት እሱ ቢሆንስ ብለው መጡ።

እንግዲህ ያን ያህል ዘመን ቆይቶ ፊት አይታወቅም። ቋንቋም አያግባባም። አያቲቱ ግን ሌላ ምልክት ያውቁ ነበር። ሕፃኑ ገና እቤት ሳለ በክንዱና በእግሩ ላይ የቀሩ ጠባሳዎች ነበሩ። ተፈለጉ፤ ተገኙ። ሐኪም ማርቲን ስማቸው ወርቅነህ፣ አባታቸውም እሸቴ መሆናቸውን ያን ቀን ዐወቁ። በሕንድ አገር ማንም ሊመልስላቸው ያልቻለውን ጥያቄ አንዲት አሮጊት መለሱላቸው።

እኛ ይህን ታሪክ ስናነብ ሁልጊዜ የሚደንቀን የጠባሳው ነገር ነው። ማንም ሰው ጠባሳውን መሸፈን ይፈልጋል። የልጅነት ቁስልም እንደዚሁ ነው፤ ልጆቻችን ድኻ አደግ መሆናቸውን፣ አባታቸው ቶሎ መሞቱን፣ በሰው ቤት ማደጋቸውን ለክፍል ጓደኞቻቸው መናገር ያፍራሉ። ለሐኪም ወርቅነህ ግን ያ ቁስል ባይኖር ኖሮ ሰውየው ስማቸውን ሳያውቁ በሞቱ ነበር። ይህን ስንል ቁስል ጥሩ ነው ማለታችን አይደለም፤ ቁስሉን የሚያውቅና የሚያስታውስ ዘመድ መኖሩ ነው ጥሩው።

ሐኪም ወርቅነህ ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ስም ያዙ። በፈረንጁ ዘንድ ዶክተር ማርቲን፣ በአገራቸው ሐኪም ወርቅነህ ተባሉ። ያሳደጓቸውን ሰዎች ስም አልጣሉም፤ የወለዷቸውንም ስም አልተዉም። የበርማ ሥራቸው ገና ስለነበር እየተመላለሱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ እንደገና አዲስ አበባ መጥተው ለጥቂት ዓመታት ሠሩ፤ ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉንም አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። በመጨረሻም ከእንግሊዝ መንግሥት ሥራ በጡረታ ወጥተው በ1911 ዓ.ም. ገደማ ጠቅልለው አገራቸው ገቡ።

ልጅነታቸው በኋለኛው ሥራቸው ላይ እንዴት እንደታየ ደግሞ ልብ እንበል። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆነው የተሾሙት እሳቸው ናቸው። ባርነት እንዲቀር ይሠሩ ከነበሩት ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ ነጻ የወጡ ባሮች ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ሲቋቋምም ሥራው ላይ ነበሩበት። በሰው እጅ ያደገ፣ ከዘመዱ የተለየ ልጅ ምን እንደሚሰማው ከሳቸው ይበልጥ የሚያውቅ አልነበረም። ከሁሉ ይልቅ የሚገርመው፣ በ35 ዓመታቸው አንዲት የአማርኛ ቃል ሳያውቁ አገራቸው የገቡት ሰው፣ በኋላ የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ ጽፈው አሳተሙ። ለአገራቸው ልጆች የዓለምን ካርታ በራሳቸው ቋንቋ ሰጡ፤ እሳቸው ራሳቸው በልጅነታቸው ካርታው ላይ አገራቸውን እየፈለጉ ያደጉ ናቸውና!

በጨርጨርም አገረ ገዥ ሆነው መንገድና አስተዳደር ለማሻሻል ደክመዋል። በ1927 ዓ.ም. ኢጣሊያ ለወረራ ስትዘጋጅ በሎንዶን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ተሾሙ፤ ለአገራቸው ነጻነት በውጭ አገር ሲሟገቱ ከረሙ።

በዚያ ጊዜ የደረሰባቸው ኀዘን ግን ከባድ ነበር። ቢንያምና ዮሴፍ የተባሉ ሁለት ልጆቻቸው እንግሊዝ አገር ምህንድስና ተምረው አገራቸው ተመልሰው ነበር። ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው ተዋጉ፤ በኋላም ተማረኩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጠላት የተማረውን ወጣት እየለቀመ ሲፈጅ ሁለቱም ተረሸኑ። አባት ሎንዶን ናቸው። ሬሳ አላዩም፤ አልቀበሩም። ልቅሶ ለመቀመጥ እንኳ አገራቸው በጠላት እጅ ነበረች። በአንድ ጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ ሰው በሌላ ጦርነት ልጆቻቸውን አጡ።

እኛ ቀብርን ሥራችን ያደረግን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልገንም። ሐኪም ወርቅነህ ግን በዚህም አልተሰበሩም። አገራቸው ነጻ ከወጣች በኋላ በ1934 ዓ.ም. ተመለሱ፤ በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዐረፉ። መቅደላ ላይ ብቻውን የተገኘው ሕፃን በመጨረሻው በአገሩ፣ በወገኑ መካከል፣ በስሙ ተጠርቶ ተቀበረ።

የተከበራችሁ አባሎች፤

ከዚህ ታሪክ ለዕድራችን የሚሆነውን ነገር ተናግረን እንጨርስ። የወርቅነህን ሕይወት ሦስት ሰዎች እንደያዙት አይታችኋል። አንዱ ከመሬት አነሣ፤ አንዱ የትምህርቱን ወጪ እስከ መጨረሻው ቻለ፤ አንዲቷ ደግሞ ማን እንደሆነ ነገረችው። ሦስቱ በአንድ ጊዜና በአንድ ቦታ ባለመገኘታቸው ልጁ 30 ዓመት ያህል ስሙን ሳያውቅ ኖረ። በእኛ ሰፈር ግን ሦስቱም በአንድ ድንኳን ሥር ይገኛሉ። አክስቱም፣ የክርስትና አባቱም፣ ጎረቤቱም፣ መምህሩም በሠልስቱ ቀን እዚያው ተቀምጠው ንፍሮ ይበላሉ።

ታዲያ ምን እናደርጋለን? ጡሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ወንበርና ድስት ይወጣል፤ ገንዘብ ያዡ የሚገባውን ከፍሎ ያስፈርማል። ይህን ሁሉ ዕድራችን ሳያጓድል ይፈጽማል፤ እሰየው ነው። ነገር ግን ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ልጆቹ የት እንደደረሱ ከመዝገባችን አይገኝም። እውነቱን ለመናገር፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት አባቱን በቀበርንለት አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ያፈርንበትን ነገር አንረሳውም። ልጁ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ዘመድ ቤት ዞሮ ትምህርቱን አቋረጠ። ይህን የሰማነው በሌላ ሰው ልቅሶ ላይ ነው፤ ያውም በአጋጣሚ። ለአባቱ ቀብር የተከፈለው ገንዘብ በመዝገቡ ላይ እስከ ሳንቲሙ ተጽፏል፤ የልጁ ስም ግን የትም የለም። ጥፋቱ የእኛው ነው።

ስለዚህ ለሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ የዕድርተኛ ቤት በሞት ሲመታ፣ ድንኳኑ ከመነቀሉ በፊት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ስም፣ ዕድሜና የሚማሩበት ክፍል በቃለ ጉባኤ እንዲጻፍ፤ ከማን ጋር እንደሚኖሩም ዘመድ ባለበት ተጠይቆ እንዲመዘገብ።

ሁለተኛ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ከአባሎች መካከል አንድ ሰው እንዲመደብ፤ ይህም ሰው ልጁ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እስኪወስድ ድረስ ቢያንስ በየወሩ እንዲጠይቀው። ሰውየው ቢሞት ወይም ሰፈር ቢለቅ በቦታው ሌላ ሳይተካ እንዳይቀር። ወጪውም የመጻሕፍትና የመመዝገቢያ ያህል ከዓመታዊው ትርፍ ላይ እንዲታሰብ።

ሦስተኛ፤ በየአርባውና በየሙት ዓመቱ የሟች ታላላቅ ዘመዶች ልጆቹን አስቀምጠው የትውልድ ሐረጋቸውንና የአባት የእናታቸውን ታሪክ እንዲነግሯቸው፤ ፎቶግራፍና ወረቀት ካለም ተሰብስቦ ለልጆቹ እንዲቀመጥ። ይህ አንድ ሳንቲም የማያስወጣ ነው፤ ልጁ ግን የማን ልጅ እንደሆነ ዐውቆ ኮሌጅ ይገባል።

ከአባሎቻችን መካከል ምናልባት ዕድር ለቀብር ነው እንጂ ለልጅ ማሳደጊያ አይደለም የሚል ይኖራል። መልሳችን አጭር ነው። ሟችን በክብር የምንቀብረው ስሙ እንዲጠራ ብለን አይደል? የሟች ስም የሚጠራው ደግሞ በልጁ ነው። አፈሩን አልብሰን ልጁን ብንበትነው ግማሹን ሥራ ትተን ሄድን ማለት ነው።

በዚህ አጋጣሚ ዘንድሮ ለፈተና የምትቀመጡ ልጆቻችን፣ በተለይም አባት እናታችሁን ያጣችሁ፣ ይህችን ጽሑፍ ብታነቡልን ደስ ይለናል። ያሳለፋችሁት ነገር አያሳፍርም። ሐኪም ወርቅነህን ያስታወቃቸው ጠባሳቸው ነው፤ እናንተም ያለፋችሁበትን ሳትደብቁ ብትነግሩን እናውቃችኋለን። እኛም ከእንግዲህ ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ደጃችሁን ለመርገጥ ቃል እንገባለን።

የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ የቀሩትን ያጽናልን።